ድንኳን ይዘን ወደ ጌራ ተራራ

ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «እትዬ አስካለ፣ እውነት ተራራ ላይ አደርሽ?» ያላለኝ የለም። ጅማ መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ከሱቄ እስከ ቤቴ ያለችውን መንገድ እንኳ የምሄደው በባጃጅ ነው። ታዲያ እኔ የጌራን ጫካ አቋርጬ ተራራ ወጣሁ ብል ማን ያምነኛል? አንዷ ደንበኛዬ ነጠላ ልትገዛ መጥታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስወራችኝና ነጠላውን ሳትገዛ ሄደች። ከዚህ በኋላ ብጽፈው ይሻለኛል አልኩ። አንባቢዎቼ፣ ጌራን አታውቁት ይሆናል፤ የመሄድ ሐሳብም ላይኖራችሁ ይችላል። ግድ የለም፣ በእግሬ እኔ ሄጄላችኋለሁ፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ልጄ ሜሮን ቱሪዝም ተምራ ተመረቀች፤ ሥራው ግን ጠፋ። አገር ጎብኚው ሁሉ ወይ ወደ ስሜን ወይ ወደ ባሌ ነው የሚነጉደው፤ ጅማን የሚያውቃት ቡናዋን ጠጥቶ ነው። ሜሮን «የኛም ተራራ ተራራ ነው» ብላ ከአጋሮ ማዶ ጌራ ድረስ እየተመላለሰች የእግር መንገድ አጠናች። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅትም አይቶ የሚፈርድ ሰው እንልካለን አላት። በዚህ መሀል አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ አልማዝ «ቤሩት ሥራ አገኘሁላት» ብላ ደወለች። ሥራው የሰው ቤት ነው፤ ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወል። ሜሮን ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እማዬ፣ ሰውየው መንገዱን ከተቀበለው እቀራለሁ። ካልተቀበለው እሄዳለሁ፤ እንዳታለቅሺ።» እኔ ወዲያው አለቀስኩ።

አብሬ የሄድኩትም ለወሬ ብዬ ነው። ሴት ልጅ ከማታውቀው ወንድ ጋር ጫካ ገባች የሚለው ወሬ መርካቶን ለመዞር ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ፣ ምግብ አብሳይ ነኝ ብዬ ተከተልኳቸው።

ቅዳሜ

ማለዳ መናኸሪያ ተገናኘን። የተላከው ሰው አቶ ሳምሶን ይባላል፤ ረጅም ነው፣ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ስሜንንም ባሌንም ለብዙ ዓመት ፈረንጅ እየመራ የዞረ ነው። ገና ሰላም ሳይለኝ «ማዘር፣ ይህ ጫማ ተራራ አያወጣም» አለኝ። እኔ ማዘር የሚለኝን ሰው አልወድም። ጫማውም ደህና ሸራ ጫማ ነው፤ ለምን አያወጣም? «ልጄ፣ አንተ ለራስህ እግር እዘን» ስለው ሜሮን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሰውየውን እንዳላስቀይም ቃል አስገብታኝ ነበር።

የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣችንን ጣሪያ ላይ ሲጭን «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ድንኳን ነው ስንለው ፊቱ ጠቆረና «ነፍስ ይማር፣ ማን ሞተባችሁ?» አለን። ምን ያድርግ፣ በኛ አገር ድንኳን ወይ የሠርግ ነው ወይ የለቅሶ፤ እኛ ሦስታችን ደግሞ ሙሽራ አንመስልም። አቶ ሳምሶን ግን ምኑም አላሳቀውም። «መንገዱ ደህና ቢሆን እንኳ፣ ድንኳን ውስጥ አድሬ ያላየሁትን ቦታ ለእንግዳ አልሸጥም» አለ። የሚመጡት ሰዎች ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ማደር ይፈልጋሉ፤ እሱ ካልተሳካ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አለ።

ኅዳር መባቻ ነው፣ ቡና ለቀማ። የቡ ከተማን አልፈን አጋሮ እስክንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ያበራል። እኛ መርካቶ ቡናን የምናውቀው በጆንያ ታስሮ፣ በአቧራው ስናስነጥስ ነው። እዚህ ግን ሰዉ ሁሉ ጣቱ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኗል። አጋሮ ላይ ቁርስ ስንበላ አቶ ሳምሶን በመስኮት አይቶ አይቶ «ባሌ ላይ እንዲህ ያለ አረንጓዴ የለም» አለ። ሜሮንን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ሻዬ ላይ ስኳር መጨመሬን ረስቼ ድጋሚ ጨመርኩበት።

ከአጋሮ ወደ ጌራዋ ከተማ ወደ ጪራ የያዝነው ትንሹ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሁላችንም ወርደን ገፋን። የአቶ ሳምሶን የተራራ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሩ ብቻውን ወጣ። የእኔ ሸራ አልወለቀም። ምንም አልተናገርኩም፤ ቃል ገብቻለሁ። ግን እግሬን ትንሽ ወደ ፊት ወጣ አድርጌ ቆምኩ።

ጪራ ጫፍ ላይ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከልን። ገና ካስማው ሳይጠብቅ ዝናብ ጣለ፤ ከዝናቡ ጋር አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች መጣች። ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን እንኳ አልጠየቀችም። «ኮቱ! ኮቱ! ኑ ግቡ! እኔ ቤት ተኝቼ እናንተ ሜዳ ላይ? አላህ ምን ይለኛል?» ብላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ባሏን ከአልጋው አስነስታ ለኛ አነጠፈችልን። ጅማ ውስጥ እኔ ራሴ በዝናብ ለቆመ መንገደኛ በር ከፍቼ አውቃለሁ ወይ ብዬ አሰብኩና ሐሳቡን ቶሎ ተውኩት። አቶ ሳምሶንም ያን ምሽት «ዝናብ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ።

እሁድ

ጫካው ከጪራ ወጣ እንዳልን ጀመረ። የጫካ ቡና ማለት ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ የሚበቅል ቡና ነው፤ በስም አውቀው ነበር እንጂ ሥሩ ገብቼ አላየሁም። ጅማ ቀትር ላይ አስፋልቱ እግር ያቃጥላል፤ እዚህ ፀሐይ መሬት የሚነካው በቀዳዳ ነው። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያውለበለቡ ከላይ ከላይ ይዘላሉ። ሜሮን ከፊት እየሄደች ትናገራለች፦ ይሄ ዋንዛ ነው፣ ቀፎ የሚሰቀለው እሱ ላይ ነው፤ ያ ቆሶ ነው፤ እዚህ ጋ ያንሸራትታል፣ በግራ በኩል እለፉ። ይህች ልጅ ጡት ያጠባኋት፣ ጨለማ ፈርታ ሽንት ቤት የምሸኛት ልጅ ናት። ያን ሁሉ መቼ ተማረችው? ከኋላዋ እየሄድኩ ፈገግ እል ነበር፤ ደግነቱ የሚያየኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ከተራራው ግርጌ ያለ መንደር ደረስን። ሜሮን በጥናቷ ጊዜ ያወቀቻቸው አባ ቢያ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው የምናርፈው። እሳቸው ቡና ለቀማ ሄደዋል፤ ባለቤታቸው ሃዳ ነጃት ተቀበሉን። ሃዳ ነጃት ማለት በኦሮምኛ የነጃት እናት ማለት ነው፤ እኔም ወዲያው ሃዳ ሜሮን ተባልኩ። ክርስቲያን መሆናችንን ያውቃሉና እነሱ ያረዱትን ሥጋ እንደማንበላ አስበው፣ አንዲት ወፍራም ዶሮ ከነነፍሷ አምጥተው ለአቶ ሳምሶን አስያዙት። «እናንተው ባርካችሁ ብሉ» አሉ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በየትኛው ሆቴል አለ?

ችግሩ አቶ ሳምሶን ዶሮ አርዶ አያውቅም። ቢላዋውን ይዞ ዶሮዋን ያያታል፣ ዶሮዋም ታየዋለች። «ማዘር፣ እንዴት ነው… ከየት በኩል ነው?» አለኝ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጀርባዬን ሰጠሁ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሲያነሳ ዶሮዋ አመለጠችና ቡናው ውስጥ ገባች፤ እሱም ተከትሏት ገባ፤ ባዶ እጁን፣ ፀጉሩ ላይ ቅጠል ይዞ ተመለሰ። መንደሩ በሙሉ ሳቀ። ያን ቀን የበላነው በማርና በቅቤ የተሠራ ገንፎ ነው፤ ከላዩ በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ ቆረጠምን። ከዚያ በኋላ ሰውየው ማዘር ማለቱን ትቶ «እትዬ አስካለ» ይለኝ ጀመር።

ዋናው ጥፋት የመጣው ከምግብ በኋላ ነው። አቶ ሳምሶን «ዛሬ ዝናብ የለም» ብሎ ድንኳኑን አባ ቢያ ደጅ ላይ፣ ከቤቱ በር ፊት ለፊት ተከለው። ሃዳ ነጃት ውኃ ሊቀዱ ወርደው አላዩም። ሜሮንም እኔም እግራችንን ስንታጠብ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት በእጇ ዳቦ ይዛ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ ሽማግሌዎች። «ኢናሊላሂ፣ ማን ነው የሞተው?» ይላሉ። አባ ቢያ ደጅ ድንኳን ተተክሏል የሚለው ወሬ ጫካውን አቋርጦ ለቃሚዎቹ ዘንድ ደርሷል! እኔ የት ልግባ? ሐዘን የደረሰባት መስሎኝ አንዷን «አይዞሽ» ብዬ አቀፍኳት።

አባ ቢያ እየሮጡ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል። ባለቤታቸውን እንስራ ይዘው ሲመጡ አዩና ባሉበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ውኃ ጠጡ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ ሜሮንን ነገሯት፦ «ልጄ፣ እኔ ቤት በር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተክሎ የሚተኛ ሰው ወይ ቤቴን ንቆታል ወይ ሞቴን ይመኛል። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ሜሮን ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀች። ድንኳኑን በገዛ እጇ አወረደችው። አቶ ሳምሶንም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ አለ፤ ነገር ግን ማታ ጋቢ ተደርቦልን እሳት ዳር ስንቀመጥ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አላት፦ «ሜሮን፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። መንገዱም ቆንጆ ነው። ግን የነገው ሌሊት የመጨረሻው ነው። ነገም ድንኳን ውስጥ ካላደርን እኔ አዲስ አበባ ሄጄ የምናገረው ነገር የለኝም።» ሜሮን «እሺ» ብቻ አለች። እኔ ግን ቤሩት ታየችኝ፤ ፎቅ ላይ መስኮት የምትወለውል ልጅ ታየችኝ።

ሰኞ

ተራራውን ሰዉ ጋራ ጉዳ ይለዋል፣ ትልቁ ተራራ ማለት ነው። ስንነሳ ሃዳ ነጃት ወተት በቅል አስያዙን፤ አባ ቢያ ግን «ማታ ትመለሳላችሁ አይደል?» ብለው ሦስቴ ጠየቁ። ሜሮን እውነቱን ነገረቻቸው፤ ላይ ነው የምናድረው አለች። እሳቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አስተያየታቸው አላማረኝም።

ሜሮን የመረጠችው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ እንግዳ እንዳይደክም ብላ። ከቡናው ወጥተን ቀርከሃ ውስጥ ገባን፤ ቀርከሃው እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንኳኳል። አቀበቱ ከበደኝ። አቶ ሳምሶን እጁን ሰጠኝ፤ ያዝኩት፣ ምን አለበት። ጫፉ ላይ ስንደርስ ቀርከሃው አለቀና ሣር ሆነ፣ ነፋሱም ፊቴን በጥፊ መታኝ። ወደ ታች አየሁ። ጫካው እስከ ዓይን ጥግ አረንጓዴ ነው፣ ከመሀሉ የየመንደሩ ጭስ ይነሳል፤ ወዲያ ማዶ ሜሮን በጣቷ ያሳየችኝ ደብዛዛ ነገር የአጋሮ በኩል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጅማ አለች፣ ሱቄ አለ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ አገር ኖሬ፣ እንዲህ ያለ አገር እንዳለኝ አላውቅም ነበር። «የኔ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ለማን እንደጮህኩ እንጃ። አቶ ሳምሶን መነጽሩን አወለቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየሁት።

ድንኳኖቹን ተከልን። ጥሩ ሆነው ቆሙ፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለእናትና ልጅ። ሜሮን ካስማውን ስታጠብቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አቶ ሳምሶን ወደ ታች እያየ «ያ ምንድን ነው?» አለ።

ከቀርከሃው ውስጥ እሳት እየወጣ ነው። አንድ ችቦ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። በአቋራጩ መንገድ አባ ቢያ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እየወጡ ነበር፤ ትከሻቸው ላይ ቡልኮ፣ እጃቸው ላይ ቅልና አገልግል። ሜሮን ድንኳኑን ተደግፋ ቆመች። «እማዬ፣ አለቀልኝ» አለች።

አባ ቢያ ደርሰው ትንፋሽ ሰበሰቡ። «እራት የበላ ሰው የለም ቤቴ» አሉ። «ሃዳ ነጃት እንቢ አለች። የመንደሩ ሰው እንግዳቸውን ለጅብ ትተው ተኙ ሲባል ልንሰማ ነው? ወላሂ አይሆንም። ኑ፣ እንውረድ።» ጎረቤቶቻቸውም «ኑ፣ ኑ» ይላሉ፤ አንዱ የኔን ብርድ ልብስ መጠቅለል ጀምሯል። አቶ ሳምሶን በረጅሙ ተነፈሰና የድንኳኑን ገመድ ሊፈታ ጎንበስ አለ። እኔ አባ ቢያ እግር ሥር ልወድቅ ነበር። «ልጄን ለባዕድ አገር ልትሰጡብኝ ነው!» ልላቸው አፌ ላይ ደርሷል።

ሜሮን ቀደመችኝ። ገመዱ ላይ የነበረውን የአቶ ሳምሶን እጅ ያዘችና «አይፍቱት» አለችው። ከዚያ ወደ አባ ቢያ ሄዳ፣ በኦሮምኛ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ችቦውን እያየች ጠየቀች፦ «አባ ቢያ፣ ይህ እሳት ከየት የተለኮሰ ነው?»

«ከቤቴ ነዋ። ከምድጃዬ። ሃዳ ነጃት ናት የለኮሰችው።»

ሜሮን ወደ ዳር ሄደች። አንድ ድንጋይ አነሳች፣ አምጥታ ከድንኳኖቹ ፊት አኖረች። ሌላ አመጣች። ሦስተኛውን አመጣች። ሦስት ጉልቻ ሆነ። ጭራሮ ሰብስባ መሀሉ ላይ አደረገችና በሁለት እጇ ችቦውን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች፤ ለኮሰችው። እሳቱ ተያያዘ።

«እንግዲህ ምድጃዎ እዚህ መጥቷል» አለች። «የእርስዎ ምድጃ ዳር ያደረ ሰው ሜዳ አደረ ይባላል? ቤትዎ ነው ያደረው። እርስዎ እዚህ ከእሳቱ ዳር ይቀመጡ፣ የቤቱ ጌታ ነዎት። እራቱን እዚሁ እንብላ። እኛ ደግሞ እዚያ ጓዳ እንተኛ።» ድንኳኖቹን አሳየቻቸው።

እሳቱ ይንጣጣል። አንዱ ጎረቤት ለማሾፍ ያህል «ቤት ከሆነ በሩ የት ነው ታዲያ?» አለ።

«እናንተ በመጣችሁበት በኩል» አለች ልጄ።

አባ ቢያ እሳቱን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ እቤታቸው ሲገቡ እንደሚያደርጉት ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡት፣ «ቢስሚላህ» ብለው ከእሳቱ ዳር ተቀመጡ። ጎረቤቶቻቸውም አንድ በአንድ ጫማቸውን አወለቁ። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ሥራ ፈላጊ ናት፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ስንላት የከረምነው ልጅ፣ ሽማግሌ ሳታስቀይም ሰውየውንም ሳታሳፍር፣ ባዶ ተራራ ላይ ቤት ሠራች። ኮራሁባት። እስከ ዛሬ በማንም እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አገልግሉ ተከፈተ፤ የበቆሎ ቂጣና ጎመን ነበር፣ ወተትም ነበር፣ ለኛ ብለው ሥጋ አላደረጉበትም። በላን። እኛ ጓዳችን ገባን፤ እነሱ ቡልኮ ተከናንበው እያወሩ አመሹ። ኦሮምኛው እየራቀ እየራቀ ሲሄድብኝ ትዝ ይለኛል።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከድንኳኔ ወጣሁ። የአቶ ሳምሶን ድንኳን ባዶ ነው። እሱ ከእሳቱ ዳር በሁለት ሽማግሌዎች መሀል፣ አንድ ቡልኮ ከአባ ቢያ ጋር ተጋርቶ ቁጭ ብሏል፤ የተራራ ጫማውን አውልቆ ከነሱ ጫማ ጋር ደርድሮታል። «ድንኳን ውስጥ ነበር የምታድረው?» አልኩት። ሳቀ።

«እትዬ አስካለ፣ ሁሌ ተራራ ላይ ሳድር ዘብ ያድርልኛል፣ ደመወዝተኛ ነው» አለኝ። «የቤት ጌታ ግን አድሮልኝ አያውቅም።» ከዚያ ወደ ሜሮን ዞረ። «እንግዳ እልካለሁ» አለ።

ሜሮን ትዘልላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔማ ልዘል ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ «ከሆነ እንዲህ ነው» አለችው። «እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ አባ ቢያ ቤት ገብቶ ይበላል። ድንኳን በማንም በር ላይ አይተከልም። ላይኛው ቤት እሳት የሚለኮሰው ከዚህ መንደር ምድጃ ነው፣ ከክብሪት አይደለም። ለድካማቸው የሚገባቸውንም ከነሱ ጋር እንጂ ከኔ ጋር አትነጋገሩም።» አቶ ሳምሶን «እሺ» አለ። አባ ቢያ ምን እንደተባለ ተተርጉሞላቸው «ቶሌ» አሉ፣ ይሁን ማለታቸው ነው፤ ዱዓ አደረጉላት፣ እኔም በሆዴ አሜን አልኩ።

ስንወርድ ሜሮንና አቶ ሳምሶን ከፊት ነበሩ። እየቆመች የቱ ጋ ደረጃ እንደሚቆፈር፣ የቱ ጋ ውኃ እንደሚቀዳ ታሳየዋለች፤ እሱም «ልክ ነሽ» ይላል። ጪራ ልንደርስ ስንል ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ጮኸ። እህቴ አልማዝ ናት።

«የት ጠፋችሁ? የቤሩቶቹ ሰዎች መልስ ይፈልጋሉ። ሜሮንን አቅርቢልኝ፣ ቶሎ!»

ቀና ብዬ አየኋት። በእጇ ተራራውን እያመለከተች ታወራለች።

«አሁን አይመቻትም» አልኳት። «ሥራ ላይ ናት።»